ነጩ የአረፋ ቀሚስ

«እኔ አንዴ ያየሁት ልብስ ከእጄ አያመልጥም። ከእንግዲህ ልብስ ሰፊ ቤት ሄዶ መለካት ለኔ ስድብ ነው» አለች ዘይባ፣ መቀሱን በጣቷ ላይ እያሽከረከረች።

መቀሱ ወደቀ። አነሳችውና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ፊቷን ኮስተር አደረገች።

ይህን የተናገረችው ለትርሲት ነው። ትርሲት የሰፈርም የክፍልም ጓደኛዋ ናት፤ ዘይባ የሰፋችውን ሁሉ እየለበሰች የምትሞክርላትም እሷው ናት። በዚያች ሰዓት ከአሮጌ መጋረጃ የተሰፋ ጉርድ ለብሳ መስተዋት ፊት ቆማለች። ጉርዱ በግራ በኩል ጉልበቷን ይሸፍናል። በቀኝ በኩል አይሸፍንም።

«ይሄ ፋሽን ነው ወይስ ሜትሮሽ ጠፍቶብሽ ነው?» አለች ትርሲት።

«ፋሽን ነው። አንቺ ቡታጅራ ተቀምጠሽ የት ታውቂዋለሽ።»

«አንቺስ የት ተቀምጠሽ ነው?»

የስፌት መኪናው የእናቷ የከድጄ ነው። ከድጄ ድሮ ልሠራበት ብላ ገዝታው፣ ኋላ ገበያ መዋሉ ሲሻላት ቴሌቪዥን ተሸካሚ አደረገችው። ዘይባ በስልኳ የስፌት ቪዲዮ ማየት ከጀመረች በኋላ ግን ቴሌቪዥኑ መሬት ወረደ፣ መኪናው በጋዝ ተጠርጎ ዘይት ጠጣ፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። የትራስ ልብስ ሰፋች፤ ትራሱ አልገባ አለ። የአባቷን ሸሚዝ የሴት አደረገችው፤ አባቷ ሀቢቡ አዲስ አበባ ስለሚነግድ ጉዱን ገና አልሰማም። እንጀራ ልትበላበት ብላ አይደለም እኮ። ደስ ስለሚላት ነው። እግሯ መርገጫው ላይ ሆኖ መርፌው ታክ ታክ እያለ ሲነጉድ፣ የፈተናውም የእናቷም ጭቅጭቅ ከጨርቁ ሥር የሚቀር ይመስላታል።

አረፋ ሊደርስ ሲል የከድጄ ታናሽ እህት ሰፍያ ወልቂጤ ላይ ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ አራስ ደግሞ በዓል ነው ተብሎ ብቻዋን አትተውም። ከድጄ የገንፎ ዱቄቷንና ቅቤዋን ቋጥራ ባጃጅ አስጠራች። እግሯን ባጃጁ ውስጥ ካስገባች በኋላም ትዕዛዟ አላለቀም።

«በጉን ውሃ አጠጪው። እማማ ባሂራን ጠዋትም ማታም እያየሽ። የኔን ሳጥን እንዳትነካኪ፣ የሰው አማና አለበት፣ አደራ ነው። ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ ኡሚ።»

«ምን አልኩሽ?»

«በጉን ውሃ አጠጪው።»

«ሌላስ?»

ባጃጁ ሄደ።

እማማ ባሂራ በአጥር የሚዋሰኗቸው አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጅ አልሰጣቸውም፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ምላሳቸውን ግን ምንም አልጋረደውም። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሳሳት ሁለት ነገር ይፈራል፤ አላህንና እማማ ባሂራን።

ከድጄ በሄደች ማግስት ዘይባ በስልኳ አንድ ቀሚስ አየችና ልቧ ተሰቀለ። ነጭ ነው። እጅጌው ሰፊ፣ ወገቡ ሸንሸን ያለ፣ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው። በዚህ ቀሚስ የአረፋ ሶላት ሜዳ ላይ ብትታይ ከገበያ ገዝቶ የለበሰ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ሊጥል ነው። ችግሩ ጨርቅ ነበር። መጋረጃው አልቋል። አንሶላ አሰበች፤ አንሶላው አበባ አለበት።

የቀረው የእናቷ ሳጥን ብቻ ነበር።

ከእናቷ የሰርግ ልብስ ሥር፣ በፌስታል ውስጥ፣ በአረንጓዴ ሻሽ የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አገኘች። ረጅም ነው፤ ለስላሳ ነው፤ የትም ቦታ መርፌ አልነካውም። ከመድኃኒትና ከሽቶ መሐል የሆነ ሽታ አለው። ናፍታሊን ነው፣ ብል እንዳይበላው ነው አለች በሆዷ። ሳዑዲ ያለችው አክስቷ የላከችው መሆን አለበት፤ ኡሚ የተላከላትን ሁሉ «ለቁም ነገር» እያለች ቀብራ ታስቀምጣለች፣ ቁም ነገሩ ግን አይመጣም።

አማና የሚለው ቃል ትዝ አላት። አልረሳችውም፣ እውነቱን እንነጋገር። ግን አማና ማለት ወርቅ ነው፣ የመሬት ካርታ ነው፤ ጨርቅ ምን አማና አለው? ቢሆንም ለእናቷ ደወለች። ስልኩ መጥራት ሲጀምር፣ ከድጄ ሳታነሳ ዘጋችው። እንዲህ ከሆነ ኋላ ቢመጣ «ደውዬልሽ ነበር» ማለት ይቻላል። ሁለተኛ አልደወለችም፤ ምክንያቱም ብትደውል መልሱን ታውቀዋለች።

ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግታ አጠፈችው፣ በደረቀ ሳሙና አሰመረችና መቀሱን አስገባች። መቀሱ ሳይታገል ሄደ። እጅጌውን አንዴ አበላሽታ ሌላ ቆረጠች፣ አንገቱ ሰፍቶ በሻርፕ የሚሸፈን ሆነ፣ ሸንሸኑ ወደ አንድ ወገን ተሰበሰበ። በመጨረሻ ግን ለበሰችው፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀሚስ ነው። ከተረፈው ቁራጭ ለራሷና ለትርሲት የጸጉር ማሰሪያ አበጀች።

አረፋ ዕለት እንደተመኘችው ሆነ። ከሶላት ሲመለሱ ሴቶቹ እያስቆሙ «ማን ሰፋልሽ?» አሏት። «እኔው ነኝ» አለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ትልቅ ነገር እንዳልሆነ ሁሉ። አባቷ በዋዜማው ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለነበር፣ እሱም አይቷት «ልጄ ሙያ ያዘች» ብሎ ለአጎቶቿ ነገራቸው። በቀሚሱ ዞራ ዞራ ቪዲዮ ተቀርጻ ለቀቀችው። ስልኩ እስኪግል አድናቆት መጣ።

ከሰዓት በኋላ የሥጋ ድርሻቸውን በሳህን ይዛ ወደ እማማ ባሂራ ገባች።

እማማ ባሂራ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። በየመሐሉ ያስላሉ።

«ማነሽ?»

«ዘይባ ነኝ እማማ። ዒድ ሙባረክ።»

«ሙባረክ ያርግሽ። ነጭ ነገር ይታየኛል፣ ምን ለብሰሽ ነው?»

«ቀሚስ ነው። ራሴ ነኝ የሰፋሁት።»

«እስቲ ቅረቢ።» እጃቸውን ዘርግተው እጅጌዋን ያዙና በሁለት ጣታቸው አሹት። «ማሻ አላህ። ጨርቁ ጥሩ ነው። ስፌቱ እንኳ አይታየኝም።»

«ስፌቱ ከጨርቁ ይበልጣል» አለች ዘይባ። አላስቻላትም።

እማማ ባሂራ እጅጌውን አልለቀቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ ደረቴ ላይ ያለው ነገር አላማረኝም። ለእናትሽ የሰጠኋት አማና አለች። እኔ ቤት አይጥ ስለሚያስቸግር ነው እናንተ ጋ ያስቀመጥኳት። ሳጥኗ ውስጥ ናት፣ በአረንጓዴ ሻሽ ጠቅልያታለሁ። ነገ ታመጪልኛለሽ? ከጎኔ ትሁን» አሉ።

ዘይባ የሳህኑን ጠርዝ ጨበጠች። «ምንድን ናት እማማ?»

«ከፈኔ ናት። ስሞት የምጠቀለልባት።»

ከአልጋው ትይዩ መስተዋት አልነበረም፣ አላህ ይመስገን። ቢኖር ዘይባ ራሷን ታይ ነበር፤ ከፈን ለብሳ፣ የከፈኑ ባለቤት እጅጌዋን ይዘው፣ በእጇ የበግ ጎድን ይዛ።

«ነገ አመጣለሁ» አለች። ከየት እንደወጣ የማታውቀው ድምፅ ነበር።

ቤት እንደገባች ቀሚሱን አወለቀችው። ቁም ሳጥን ውስጥ ከሌላ ልብስ ጋር ልትሰቅለው ፈራች። ወንበር ላይ ጣል ብታደርገው ሰው የተቀመጠ መሰለ። አልጋ ሥር ልትከተው አለችና፣ የመቃብር ልብስ አልጋ ሥር ማስገባት ምን ይባላል ብላ መልሳ አወጣችው። ካፉር ነበር ያ ሽታ፤ ሬሳ ሲታጠብ የሚደረገው። እሷ ናፍታሊን አለችው። ስልኳ ደግሞ አላርፍ አለ። አንዷ «ጨርቁ ከየት ነው ማሬ? እኔም እፈልጋለሁ» ብላ ጽፋለች። ዘይባ ቪዲዮውን አጠፋችው፤ ጨርቁን ግን ማጥፋትም መመለስም አልተቻላትም።

በማግስቱ አባቷ ዘመድ ሊጠይቅ ገጠር ሲወጣ፣ እሷ ትርሲት ጋ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት። ትርሲት ሰምታ ስትጨርስ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ጸጉሯ ወሰደች።

«እና እኔ ጸጉሬን ያሰርኩት በምንድነው?»



ትርሲት ማሰሪያውን በሁለት ጣቷ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ተክሊል ነው የማስበው፣ አንቺ ቀድመሽ ገነዝሽኝ።»

«ትርሲት፣ በናትሽ አትቀልጂ። ሴትዮዋ ቢሞቱስ?»

«ቢሞቱ በሌላ ጨርቅ ነዋ። ነጭ ጨርቅ ነጭ ጨርቅ ነው። ዓይናቸው አያይም፣ አፍንጫቸው ተዘግቷል አልሽ። ገዝተን በሻሹ ጠቅለል፣ ሽቶ ነፋ፣ አለቀ።»

ዘይባ ነገሩ አስጠላት። ግን ሌላ መላ ስላልነበራት ሻርፗን አጣፍታ ተነሳች።

በበዓሉ ማግስት ሱቆቹ ዝግ ነበሩ። ጋሽ ዑመይር ብቻ የሱቃቸውን ግማሽ በር ከፍተው ይቁነጠነጣሉ። ጋሽ ዑመይር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከድጄንም ቤተሰቡንም ከነዘር ማንዘሩ ያውቃሉ።

«ነጭ አቡጀዲ ነበር» አለች ዘይባ።

«ለምንሽ?»

«ለልብስ።»

«ለልብስ ይሄ አይሆንሽም የከድጄ ልጅ፣ ይደርቃል። እዚህ ሰፈር ይሄን የሚወስደው ለከፈን ነው። ሌላ ልስጥሽ።»

«ለሱ ነው» አለች ዘይባ።

ጋሽ ዑመይር ጥቅሉን ሊያወርዱ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ። «ለማን?»

ሰው መፍጠር ነበረባት። በዓለም ላይ ስንት ስም እያለ አንድ ስም አልመጣላትም። «ለጎረቤት።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ባሂራ ናቸው?»

ዘይባ አዎ አላለችም። አይደሉምም አላለችም። አንገቷ ግን ራሱን ችሎ ትንሽ ወረደ። ከኋላዋ የቆመችው ትርሲት ክንዷን ቆነጠጠቻት፤ ነገሩ ግን ካለፈ በኋላ ነበር።

ጋሽ ዑመይር ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ጨርቁን ሳይሰስቱ ዘርግተው ቀደዱላትና አጥፈው ሰጧት። ብር ስታወጣ እጇን መለሱት።

«ለሳቸው እኔም ድርሻ ይኑረኝ። ልጅ ሆኜ ስንቴ አብልተውኛል። ሂጂ ፍጠኚ፣ እኔም ዘግቼ መጣሁ።»

«አይ፣ አይምጡ» አለች ዘይባ። «ማለቴ፣ አይቸኩሉ።»

«ቀብር ይቸኮላል ልጄ» አሉና በሩን መዝጋት ጀመሩ።

መንገድ ላይ ትርሲት «ገደልሻቸው እኮ» አለቻት።

«እኔ አልሞቱም አላልኩም እንዴ?»

«አላልሽም።»

አዲሱ ጨርቅ እንደ ካርቶን ደረቅ ነው። ትርሲት ቤት ወስደው በሙቅ ውሃ አሹት፣ ጨመቁት፣ አጥር ላይ ዘረጉት፣ እርጥበቱ ሳይለቀው በካውያ አደረቁት። ዘይባ የዝግ ሱቅ በር አንኳኩታ ካፉር ለምና አመጣች፤ መሐሉ ላይ አድርጋ በአረንጓዴው ሻሽ ጠቀለለችው። ስትይዘው ያው የሳጥኑ ጥቅል ነው። 

ከትርሲት ግቢ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። ከድጄ ናት፤ እያለቀሰች ነው።

«ዘይባ፣ ባሂራ መቼ ነው የሞቱት?»

«አልሞቱም ኡሚ።»

«አገር ምድሩ ሁሉ እየደወለልኝ አልሞቱም ትይኛለሽ? ሳጥኑን ክፈቺ፣ በአረንጓዴ ሻሽ የተጠቀለለ ጨርቅ አለ፣ ለሚያጥቧቸው ሴቶች ስጪ። ለሌላ እንዳትሰጪ።»

«ኡሚ፣ ጠዋት አይቻቸዋለሁ፣ ሾርባ ጠጥተዋል።»

«ጠዋት ሾርባ የጠጣ ሰው ከሰዓት አይሞትም? እኔ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አለችና ዘጋችው። አራሷን ትታ እየመጣች ነው ማለት ነው።

ዘይባ መታጠፊያውን ዞር ስትል እግሯ ቆመ። የእማማ ባሂራ በር ሰው በሰው ሆኗል። ሴቶቹ ሻርፓቸውን ግንባራቸው ላይ ጎትተው ያለቅሳሉ፤ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ይመጣሉ። ጋሽ ዑመይር ኮፍያቸውን አድርገው ከፊት ቆመዋል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ አንኳኩቶ መግባት የደፈረ የለም፤ ሬሳ ብቻውን ቤት ተቆልፎበታል ብሎ የሚንሾካሾክም አለ።

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ከዚያ ያ ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ መጣ።

«ማን ነው የሞተው? ንገሩኝ እንጂ፣ እኔም ልለብስና ልምጣ።»

ለቅሶው እንደ ቧንቧ ተዘጋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምን ዝም ትላላችሁ? ማን ነው?»

መጨረሻ ላይ ከፊት ያሉት ሴትዮ አፋቸውን በሻርፕ ይዘው፣ «እርስዎ ነዎት ብለውን ነው እማማ» አሉ።



«እኔ?» አሉ እማማ ባሂራ። «ሳልሰማ?»

አንዱ ጎረምሳ ሳቁ አመለጠው። ሌሎቹም በአፍረትና በደስታ መሐል ሆነው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ጋሽ ዑመይር ግን አልሳቁም። ዞር ዞር ብለው ሲፈልጉ ቆዩና ዘይባን አገኟት። የያዘችውንም ጥቅል አዩት።

«የከድጄ ልጅ» አሉ። «ጨርቁ ለማን ነበር?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ዘይባ በሰው መሐል ሾልካ በሩን ደበደበች። «እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ዘይባ ነኝ፣ ይክፈቱልኝ።»

መቀርቀሪያው ተነሳ። ገባችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

እማማ ባሂራ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ አልጋቸው ተመለሱ። «ያገር ሰው አብዷል» አሉ። «ገና ሳል ሲይዘኝ ድንኳን ሊተክሉልኝ ነው። አመጣሽልኝ?»

ዘይባ ጥቅሉን ዘረጋችላቸው።

አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሻሹን ፈቱ። ጨርቁን ዳሰሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ የተዘጋው አፍንጫቸው ግን ምንም አልነገራቸውም። ያም ሆኖ ፊታቸው ለሰለሰ። ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ወንድሜ ጀማሉ ነው ከመካ ያመጣልኝ» አሉ። «እዚያው በዘምዘም ውሃ አርሶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ። ሻንጣው ስለሞላ ለራሱ አልያዘም። እሷ ታላቄ ናት አለ። እሱ ግን ቀደመኝ፤ በገበያ ጨርቅ ነው የቀበርነው። በዚህ ጨርቅ ስሄድለት ያመጣልኝን እንደያዝኩለት ያውቃል።»

ዘይባ እግሯ ሥር ያለውን ምንጣፍ ታያለች። ሠርቶ ነበር። ትርሲት እንዳለችው ሆኗል። ማንም አያውቅም፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸዋል፤ ደስታው ደግሞ ውሸት አይመስልም። እናቷ እስክትደርስ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ከዚያ አንድ ቀን እማማ ባሂራ በጋሽ ዑመይር አቡጀዲ ተጠቅልለው ወንድማቸው ጋ ይሄዳሉ፣ የጀማሉ ጨርቅ ደግሞ ሸንሸን ያለው ቀሚስ ሆኖ ሳጥን ሥር ይቀራል።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ እማማ ባሂራ። «የሰው አማና ጠባቂ ያድርግሽ። ነይ ልሳምሽ።»

ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለችውም።

«እማማ፣ እሱ የርስዎ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ጨርቁ። ከጋሽ ዑመይር ያመጣሁት ነው። ዛሬ። የሞቱ የመሰላቸውም ለዚህ ነው።»

እማማ ባሂራ ጨርቁን ከደረታቸው አላነሱትም፤ ማቀፉን ግን አቆሙ። «የኔዋስ?»

«ቆርጬ ቀሚስ ሰፋሁት። አረፋ ለበስኩት። ትናንት እዚህ ሆነው እጅጌውን የያዙት እሱን ነው።»

የውጪው ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወንበር ሲመለስ፣ ሰው ሲስቅ። እዚህ ውስጥ የአሮጊቷ ትንፋሽ ብቻ ነው ያለው። ዘይባ እርግማኑን ጠበቀች። ቢረግሟት ይቀላት ነበር።

«አምጪው» አሉ። «ቁራጩንም ሳይቀር።»

በጓሮ በኩል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሄደች። ቀሚሱን፣ ቁርጥራጩን፣ ትርሲት የመለሰችውን የጸጉር ማሰሪያ፣ የራሷንም ከጸጉሯ ፈታ በአንድ ላይ ይዛ ተመለሰችና አልጋው ላይ አስቀመጠችው። እማማ ባሂራ ጣታቸውን እንደ ዓይን እየላኩ መረመሩት። አንገቱን፣ እጅጌውን፣ ሸንሸኑን። ሸንሸኑ ላይ ሲደርሱ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሁሉም አለ?»

«ሁሉም አለ።»

«መቆረጡን ተይው» አሉ። «ከፈን ድሮም ተቆርጦ ነው የሚለበሰው። የተሰፋ ለብሼ ግን አልሄድም። ከፈን አይሰፋም፣ ይህን የሚነግርሽ ጠፋ?»

ዘይባ ይሄኔ ለቅሶዋ ፈነዳ። ከትናንት ጀምሮ የያዘችው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት እማማ። እንዳይተረተር ብዬ በመኪናው ደጋግሜ ነው የረገጥኩበት። ያለኝን አቅም ነው የጨረስኩበት። አሁን ልፍታ ብል ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ ስፌቱ አይለቅም። እንዲህ አድርጌ አጥብቄ ባልሰፋው ምን ነበረበት። ጎበዝ ነኝ ብዬ የርስዎን...»

«እስቲ ዝም በይ።»



እማማ ባሂራ የቀሚሱን የታች ጠርዝ ፈልገው በጥፍራቸው ጫፍ ጫፉን ቧጨሩ። የክር ጫፍ አገኙ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጉት። ክሩ ሳይታገል ወጣ፤ ተከትሎ ጎኑ ከታች እስከ ብብት ተከፈተ። ሌላ ጫፍ ያዙና ሳቡ። እጅጌው ወልቆ ጭናቸው ላይ ወደቀ። በሌላ ወገን ሳቡ፤ ሸንሸኑ ተዘርግቶ እንደ ድሮው ጨርቅ ሆነ። መርፌ ያለፈበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ቀዳዳው ተከደነ።

የወጣውን ክር ሁሉ ጠቅልለው የዘይባ መዳፍ ላይ አደረጉላት።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «መቼ ሰፋሽውና ነው እንዲህ የምታለቅሽው?»